ለሌለች መርከብ ዋስ

ሚስት አግብተው ልጅ የወለዱ ሁለት ወንዶች በኮምፒውተር ጨዋታ ተኳረፉ ብላችሁ ታምናላችሁ? እዚሁ እስራኤል፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር!

የእህቴ ባል ያዕቆብ በጨዋታው ጠፈር ላይ የጦር መርከብ ይነዳል፤ ጎረቤቱ ዳዊት ደግሞ የጭነት። ዳዊት «የጦር መርከቦቹ ጉልበት ከልክ አልፏል፤ ይቀነስ» እያለ ለጨዋታው ሠሪዎች ሲጽፍ ከረመ። ቀነሱት። ወዲያው የያዕቆብ መርከብ ተመታች።

«ያስመታኸኝ አንተ ነህ!»

«አንተስ ስንት ጭነት አቃጠልክብኝ?»

ሰላምታ ቀረ። እህቴ ቢቸግራት የሰፈራችንን ሽማግሌ አባ መርሻን ለሽምግልና ጠራች። እኔ ሳቄን አፍኜ ተቀመጥኩ። አባ መርሻ ግን የሞተ በሬ ጉዳይ ይመስል ሁለቱንም አዳምጠው ፈረዱ፤ «ዳዊት መርከቧን ይተካ። ዋስ ይጥራ።»

«አባ፣ መርከቧ እኮ የለችም» አልኳቸው።

«ጠቡስ የለም? በል አንተው ዋስ ሁን።»

«ቤሴደር፣ እሺ» አልኩ፤ የሌለ ነገር ምን ዕዳ አለው ብዬ።

ዳዊት ሳምንት ሳይቆይ «ጨዋታው ሰለቸኝ» ብሎ እርፍ! አባ መርሻ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «መርከቧስ?» ይሉኛል። ይኸው ከሥራ ስገባ ለመርከቧ መሥሪያ የሚሆን ብረት ጠፈር ላይ እቆፍራለሁ።

ትናንት ደግሞ የእኛን የቆፋሪዎቹን መርከብ ጉልበት ቀነሱብን። ዝም የምላቸው መስሏቸዋል!