ናስ የለበሰችው ጥይት

በጠረጴዛው ላይ የቆሙት ሁለት ጥይቶች ከጣቴ አይረዝሙም ነበር። የልጄ ባል ግን አንዷን አንሥቶ በመዳፌ ሲያኖራት፣ የቀለሃዋ ቅዝቃዜና የጠመንጃ ዘይት ሽታዋ ተባብረው ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ ነበርሁበት ገደል አፋፍ መለሱኝ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ፣ በስቶክሆልም ዳርቻ ወደምኖርባት ወደ ቴንስታ ከመመለስ ይልቅ ቬሊንግቢ ወዳለው የልጄ ቤት አቅንቼ ነበር። ባሏ በሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ይሠራል። ከባልደረቦቹ ጋር የአደን ማኅበር ገብቷልና መከር ሲደርስ ለሚዳቋም፣ ስዊድኖች «ኤልይ» ለሚሉት ግዙፍ አጋዘንም ወደ ዱር ይወጣል። በየዓመቱ ከድርሻው ሥጋ ይልክልኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ እመልስበት ነበር። ቢላዋ ሳይደርስለት ነፍሱ የወጣ እንስሳ በክት ነውና። ስመልስበትም ፊቴን አኮሳትር ነበር።

«አባባ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለኝ። «ይህች ጫፏ እርሳስ ነው፤ ከገባች በኋላ ትከፈትና ባለበት ትጥለዋለች። እጅዎ ላይ ያለችው ግን ሁለመናዋ መዳብ ናት። አትበታተንም፤ ወግታ ታልፋለች። በእርሷ ብመታው ምናልባት ቢላዋዬን ይዤ እስክደርስ ይተነፍስ ይሆናል። በስመ አብ ብዬ አርደዋለሁ፤ ያን ጊዜ እርስዎም ከእኛ ጋር ይበላሉ።»

ልጄ ዕቃ እያጠበች ከኩሽና ሰማችው። «ለኤልዩ የንስሐ አባትም ልትቀጥርለት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እርሱም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

እንግዲህ የምትሰማኝ ወዳጄ፣ እስከዚያች እሑድ ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ።

ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። ፊደሉንም፣ ዜማውንም፣ ቅኔውንም ከአፋቸው የተቀበልሁባቸው ዓይነ ስውሩ የኔታ በዐቢይ ጾም ታምመው እጅግ ደከሙ። ፋሲካ ሲያልፍ የሥጋ መረቅ ካላገኙ አይነሡም ተባለ። በዚያ ዓመት ደግሞ ከብቱንም በጉንም በሽታ ፈጅቶት በመንደሩ የሚታረድ አልተገኘም። ስለዚህ በአገሩ የታወቀ አዳኝ የነበረው አጎቴ አጋዘን ሊያመጣላቸው ተነሣ። እኔም አራጅ ሆኜ ተከተልሁት።

ጎህ ሲቀድ ከቆላው አፋፍ ላይ ተቀመጥን። የቀጋው አበባ ይሸታል፤ ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል። አጎቴ ከዝናሩ ሁለት ጥይት አወጣ። አንዷ ጫፏ እርሳስ ነበር፤ ሁለተኛዋ ከጦር ሜዳ የተረፈች፣ እስከ ጫፏ ናስ የለበሰች።

«እንግዲህ ዲያቆን፣ የቷን ላጉርስ?» አለኝ እየቀለደ።

«ባለ ናሷን።»

«እርሷ ለሰው የተሠራች ናት። አውሬ ላይ ቀዳዳ ብቻ ትታ ታልፋለች። ይሮጥብናል።»

«እርሳሱ ቢላዋ ሳይደርስ ይገድለዋል። የኔታን በክት ልታበላቸው ነው?» አልሁና የሕጉን ንባብ በግእዝ አወረድሁበት። አጎቴ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ጺሙን እያሻሸ ሰምቶኝ፣ «መጽሐፍ ካለ እኔ ምን አፍ አለኝ» ብሎ ናስ የለበሰችውን አጎረሰ። ዛሬ ሳስበው፣ እርሱ ከአደን በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ እኔም ከአደን በቀር የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አጋዘኑ ሲመታ ተርብ እንደ ነደፈው ዘለለና ቁልቁል ሮጠ። ከቅጠል ቅጠል የደም ነጠብጣብ እየፈለግን ዋልን። አጎቴ ጉልበቱን ያመው ነበርና ወደ ኋላ ቀረ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አጋዘኑን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ዙሪያውን ሣሩ በሰኮናው ተነቅሏል፤ ብዙ ተጨንቆ ነበር። ገላው ገና ይሞቃል። የተከፈተ ዓይኑን በሣር ጫፍ ነካሁት፤ አልተርገበገበም።

ቢላዋዬን መዘዝሁ። በስመ አብ ብዬ የሞተ አንገት ቆረጥሁ። ደም አልፈሰሰም፤ የረጋ ጥቁር ነገር ብቻ ስለቱን ተከትሎ ወጣ።

አጎቴ እያነከሰ ደረሰ። «በሕይወት አገኘኸው?»

«አዎ፤ ይተነፍስ ነበር።»

ደም ያልነካውን ሣር አየ፤ እኔን አየ። ከዚያም መግፈፍ ጀመረ።

የኔታ እንዳይጎዱ ብዬ ዋሸሁ ብልህ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን፣ የመረጥሁት ጥይት እንዳያዋርደኝ ፈርቼ ነው። ለዚህም የሥላሴን ስም በሬሳ ላይ ጠራሁ።

ማታውን የኔታ በሉ። ሥጋው ደሙ ስላልወጣ ጠቁሮ ነበር፤ እርሳቸው አያዩም። አጎቴ «ጥርሴን አሞኛል» ብሎ ሳይቀምስ ወጣ። የኔታ ከበሉ በኋላ ቀኝ እጄን ፈልገው ያዙና ሳሟት። «ሕግ ጠብቃ ያበላችኝ እጅ ትባረክ» አሉ።

በሳምንቱ ከአልጋ ተነሡ። እኔ ለትርጓሜ ትምህርት ሌላ አገር ሄጄ፣ ስመለስ ከመቃብራቸው ላይ ሣር በቅሎ አገኘሁ። አጎቴም ያየውን ይዞት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እጄን ለማንም አላስምም። ሰው ሊሳለመኝ ሲጎነበስ ሰብስቤ ትከሻዬን እሰጠዋለሁ። እዚህ ስቶክሆልም ያሉ ምእመናን «የመሪጌታ ትሕትና» ይሉታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድዳለሁ።

ያን እሑድ ለልጄ ባል ይህንኑ ሁሉ ነገርሁት። በመካከሉ ልጄ ቧንቧውን ዘጋች። ስጨርስ የመዳቧን ጥይት በእጁ መለስሁለት።

«ባለበት የምትጥለውን ውሰድ» አልሁት። «ፍጡሩ ስለ እኔ ብሎ ቀኑን ሙሉ አይሩጥ። ሥጋውን አልበላም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ፊቴን ግን ከእንግዲህ አላኮሳትርብህም፤ ለዚያ የሚበቃ ፊት የለኝም።»

ጥይቷን ከጠረጴዛው ላይ አቆማት። «የኔታ ግን ድነዋል፣ አይደል?»

«ድነዋል። እርሱም ያሳፍረኛል።»

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘኝ። የመከር ፀሐይ ዘቅዝቃ በሕንፃዎቹ መስኮት ላይ ታበራ ነበር። ሊሳለመኝ ጎንበስ ሲል እንደ ልማዴ እጄን ሰበሰብሁ። ጣቶቼን ያዘ።

«ተዋት፣ ልጄ።»

አልተዋትም። የሠራችውን እያወቀ ሳማት።

አውቶቡሱ እስኪመጣ እጄን ወደ ኪሴ አላስገባሁም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበርና ከንፈሩ ያረፈባት ቦታ ወዲያው ቀዘቀዘች።