ክሩ ከሰመጠ መሻገር የለም

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... ወረታ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። የጉና ተራራ ግን ጠቁሯል። ፎገራ ሜዳን የሚያጥለቀልቀው እዚያ ላይ የዘነበው ነውና ገና ከቤቴ ሳልወጣ ደጋግሜ ወደ ተራራው አንጋጠጥኩ።

የአራተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ሩዝ እርሻው መሀል ነው። ተፈጥሮዬ ስጋታም ነው፤ ለልጆቹ ዋና ማስተማር የጀመርኩትም ከዚሁ ስጋቴ የተነሳ ነው። አንዳንዶቹ የሚመጡት ድልድይ የሌለው ጅረት ተሻግረው ነዋ!

ከጉልበት በማያልፍ ኩሬ ውስጥ መንሳፈፍ አስተማርኳቸው። ሲወጡ እርስ በርስ አልቅት ይለቃቀማሉ። ከዋናው ይበልጥ አጥብቄ የነገርኳቸው ግን ጥንቃቄውን ነው። መሻገሪያው ላይ በሁለቱም ዳር ዱላ ተከልን፤ በትንሿ ተማሪ ጉልበት ልክ ቀይ ክር አሰርንበት። ክሩ ከሰመጠ መሻገር የለም። የውሃውን ኃይል ለማወቅ የሚንሳፈፍ ነገር ጣሉ። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ተከትላችሁ አትግቡ፣ ገመድ ወርውሩለት አልኳቸው።

አርብ ዕለት የተማሪዬ የባንቹ አያት፣ አያ ሞላ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጡብኝ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ዋና ቻልኩ ብላ አንድ ቀን ትገባበታለች ብለው ተቆጡ። እኔም አፌ አያርፍ...

«አያ ሞላ፣ ባንቹን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

እንግዲህ ሰኞ ክፍል ስገባ፣ ከማዶ የሚመጡት አምስት ልጆች አንዳቸውም የሉም። ባንቹም ከእነሱ አንዷ ናት። ጠበቅሁ ማለት ይከብደኛል... ጠመኔውን ሦስቴ ሰበርኩት፣ መስኮቱና በሩ መሀል ተመላለስኩ። አያ ሞላ ዘንድ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። በመጨረሻ ክፍሉን ለጎረቤት መምህርት አደራ ብዬ ወጣሁ። መጀመሪያ መሮጥ አፍሬ ፈጠን ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ኋላ ሀፍረቱንም ተውኩት።

ጅረቱ ደፍርሶ እስከ አፉ ሞልቷል። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ወደሚጠመዘዝበት ስደርስ አንዲት ነጠላ ጫማ ቄጠማው ላይ ተይዛ አየሁ። ሰማያዊ ናት፤ ማሰሪያዋ በሽቦ ተጠግኗል። የባንቹ ጫማ!

አያ ሞላን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም፣ ከነልብሴ ገባሁ። ጫማዋን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ውሃውን እየዳበስኩ ስሟን ተጣራሁ። ውሃው ወገቤ ደረሰ። እኔ ራሴ ዋና የተማርኩት ኮሌጅ እያለሁ ነው፤ ያውም በተኛ ውሃ።

ከማዶ የልጅ ድምፅ መጣ።

«ጋሸ... ክሩ ሰምጧል እኮ። ይውጡ።»

ቀና ስል ባንቹ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ቆማለች። ጩኸቴን ሰምተው ነው ከመሻገሪያው የመጡት። ከኋላዋ አራቱ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ ኋላ አያ ሞላ፣ ወደ ወፍጮ ቤት እህል የጫነች አህያቸውን ይዘው። ለካ ከጠዋት ጀምሮ አያቷን ጨምራ ሁሉንም አላሻግርም ብላ አቁማቸዋለች። የሚንሳፈፍ ነገር ጣሉ ብዬ የለ? በዚህ ሜዳ ላይ ጭራሮው ሁሉ ለማገዶ ተለቅሞ አልቋል፣ ምን ትጣል? ጫማዋን ጣለች።

ዞር ልል ስል ጭቃው እግሬን ያዘኝ፣ ውሃው ገፋኝና ወደቅሁ። ያንን ድፍርስ ጠጣሁት። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ጥለው ሊገቡ ሲሉ ባንቹ ክንዳቸውን ለቀም አደረገች።

«አባባ አይግቡ። መጫኛ ገመዱን ይወርውሩለት።»

ሽማግሌው የአህያዋን ጭነት አራግፈው መጫኛውን ወረወሩልኝ። ከልጆቹ ጋር ሆነው ጎትተው አወጡኝ... ትምህርት ቤቱ በሌለበት በኩል።

ውሃው እስኪጎድል ድረስ እዚያው ተቀመጥን። ጫማዋን ለካ እስከዚያች ሰዓት ጨብጫት ነበር፤ ሰጠኋት። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ባንቹን ለእኔ ይተዉልኝ ብለኸኝ ነበር። አንተንስ ለማን እንተውህ?»

ባንቹ ጫማዋን አድርጋ፣ ክሩ ብቅ ማለቱን ልታይ ሄዳለች።

ጉና በጠቆረ ቁጥር አሁንም ማረፊያ የለኝም... ባንቹ «ይሻገሩ» ሳትለኝ ግን ውሃ አልረግጥም።