የካሴቱ ጭራ

የእህቴን ባል «ፖዝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ፊቱ ግን ጋሼ ነው የምለው፤ ታላቄን ያገባ ሰው ነው፣ ወግ ይገባዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በገዛ ጣቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቲቪ ፕሮግራም ሲቀዳ የቪዲዮ ዴኩን ሪሞት ጭኑ ላይ ያደርግና አውራ ጣቱን ፖዝ የሚለው ቁልፍ ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። ማስታወቂያ ሲመጣ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ሲመለስ ይለቃል። እንግዳ ቢገባ አይነሳም፤ በግራ እጁ ይጨብጣል።

ሥራው ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። መጽሐፍ ታትሞ ከተሰፋ በኋላ ጠርዙ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ያንን በትልቁ ቢላ እኩል አድርጎ የሚቆርጠው እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትርፍ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ደግሞ እቤቱ ሲገባ አያርፍም። መጋረጃ ላይ ክር ተንጠልጥሎ ካየ ምግቡን ትቶ መቀስ ይፈልጋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከመቀስ ጋር ነው ያረጀሁት፤ የእሱ ግን በሽታ ነው።

ጉዱ ምንድነው፣ እህቴ የቲቪ አስተዋዋቂ ነበረች። በፕሮግራምና በፕሮግራም መሃል ብቅ ብላ «ቀጥሎ የምናቀርብላችሁ» የምትለዋ ሴትዮ እሷ ናት። ጃኬቶቿን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ከወገብ በታች ስለማትታይ ቀሚሷ ያው የፈረደበት ግራጫ ነበር። ታዲያ አገር ቁጭ ብሎ ሲያያት ባሏ እቤት ሆኖ ይቆርጣታል። ከሳሙና ማስታወቂያ እኩል! ብቅ ስትል ቀጭ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና «ኧረ ጋሼ፣ ምን በደለችህ?» አልኩት። ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል፣ «እሷንማ እቤት አገኛታለሁ፤ ካሴት ለምን አባክናለሁ?» አለኝ።

ለእህቴ ብነግራት በሳቅ ፈረሰች። መሥሪያ ቤቷም እየዞረች አወራችው። «አገር ያየኛል፣ ባሌ ይቆርጠኛል» እያለች ስንቱን አሳቀችበት። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሮዋን ታመመች። ሐኪሞቹ የበቀለባትን ነገር አወጡት፤ ድምፅዋም አብሮ ሄደ። ዳነች፣ ተመስገን ነው። አሁን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ እሱም አጠገቧ ላልተቀመጠ አይሰማም። ከማድ ቤት ሰው መጥራት ስትፈልግ የድስት ክዳን በማንኪያ ትመታለች። ሁለቴ ከሆነ እኔን ነው፣ ሦስቴ ከሆነ ባሏን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምሄደው፤ ሄጄ ያ ማንኪያ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ እንዲህ ሆኖ ቀረ!

ስድስት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። ከዚያ ፖዝ ድምፅዋን ፍለጋ ተነሳ። መጀመሪያ ጣቢያው ሄደ። «አስተዋዋቂ በቀጥታ ነበር የምትናገረው፤ ማን ያስቀምጠዋል?» ብለው መለሱት። የሠርጋቸው ፊልም ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ተለጥፎበታል፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አትሰማም። ስልክ ደግሞ አይነገር፤ ሳትታመም በፊት ልንቀርጻት ስንል እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» ነበር መልሷ፣ እሱንም ቀድማ፣ ገና ሳንከፍተው። የቀሩት ካሴቶቹ ብቻ ናቸው። ሁለት መቶ ስድስት ካሴት፣ እሱ ራሱ እሷን እየለቀመ ያወጣባቸው።

«ጣቴ ሁልጊዜ አይፈጥንም ነበር» አለኝ። «የሆነ ቦታ አምልጣኝ ትኖራለች።»

ካሴቶቹ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መሻገት ጀምረዋል። ሁለት ዴክ ነበረው፤ አንደኛው ከሞተ ቆይቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚያነብበት ሄድ ተበልቶ ምስሉን ያንቀጠቅጣል። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዴኩን ከፈት አድርጎ አየና «አባባ፣ ይሄ ጥቂት ወር ነው የቀረው፤ ያለዎትን ቶሎ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ» አለው። እሱ ታዲያ ተሠርቶ ያለቀ ኮምፒውተር ገዝቶ መገላገል ሲችል፣ አይሆንም፣ ራሴ እሠራለሁ አለ።

የሞተውን ዴክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አወጣና ባዶውን ቆርቆሮ ቤት አደረገው። የኮምፒውተሩን ማዘርቦርድ ለክቶ፣ አላስገባ ያለውን የቆርቆሮ ጥግ በመጋዝ ቆርጦ (መቁረጥ ከሆነማ ማን ይችለዋል) አስገባው። ሃርድ ዲስኩን ካሴት ይገባበት በነበረው ቦታ አሰረው። ከኋላ አንድ ገመድ ወደ ቲቪው፣ አንድ ገመድ የቪዲዮውን ምስል ለኮምፒውተር ወደምታቀብል ትንሽ ሳጥን። ሲጨርስ ከቲቪው ሥር አስቀመጠው፤ ለማያውቅ ሰው ያው የድሮው ዴክ ነው። ፊልሙም፣ ተከታታይ ድራማውም፣ ኳሱም፣ ሁሉም ከዚያ ውስጥ በሪሞት ይከፈታል፤ ሳሎናቸው ሲኒማ ቤት ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረው፣ ኮምፒውተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ። ጠጋኙ የሰጠው ማራገቢያ ይጮሃል። ቀየረው። ያኛውም ያፏጫል። ሦስተኛውን አመጣ። አራተኛውን ሲያመጣ ትዕግሥቴ አለቀና «ጋሼ፣ ምን አቀበጠህ? ቲቪው ራሱ ከዚህ በላይ ይጮህ የለም እንዴ?» አልኩት። ዊንዳውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ነገር ሲጮህ እኮ እሷ ስትናገር አልሰማትም» አለ። ሰው በነገር መጎነጥ ለምጄ እንጂ እንዲህ ያለውን መልስ አልለመድኩም።

ከዚያ ግልበጣው ተጀመረ። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል የለም። ፖዝ ደግሞ ሥርዓት አለው። በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፉ የፕሮግራሙ ስምና ስንት ደቂቃ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ካለ፣ ሃምሳ ሁለተኛው ላይ ማውሱን ይዞ ይጠብቅና ያቆመዋል። አንዲት ሰከንድ ትርፍ የለም። የተገለበጠው ካሴት ጆንያ ይገባል። ጆንያው ሲሞላ የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል። «ለምን ትጥለዋለህ?» ብለው፣ «ያለው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ ሁለት ቦታ ምን ያደርግልኛል?» አለ።

እውነቱን ለመናገር ጣቱ የዘገየችባቸው ቦታዎች ተገኙ። ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል «…ልካቾች» የሚል የቃል ቁራጭ። «መልካም ም…» የሚል ሌላ። እነዚህን እየለቀመ «ፍርፋሪ» የሚል ስም ያለው ፎልደር ውስጥ አስቀመጣቸው። ሠላሳ አንድ ሆኑ፤ ሁሉም ተቀጥለው ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ደስ ብሎት እህቴን ጠርቶ አሰማት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና ወደኔ ጠጋ ብላ «ስቅታ ይዞኝ ነበር እንዴ?» አለች። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም አይታው ኖሮ ወዲያው እጁን መታ መታ አደረገችው።

እንዲህ እያለ መቶ ስልሳ ሦስት ካሴት አለቀ። ዴኩ እየደከመ ነው፣ ሄዱን በየቀኑ በአልኮል ይጠርጋል፤ ከፍርፋሪ በቀር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልተገኘም። ሰውየው ከሳ። እህቴ «ተወው፣ እኔ አልፈልገውም» ትለዋለች፤ እሱ አይሰማም። እኔ ስጠይቃት ግን ሌላ ነበር ያለችኝ። «ድምፄ ምን ዓይነት እንደነበር እየረሳሁት ነው» አለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። የአንድ ካሴት ፕሮግራም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የቆሻሻ መኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ፖዝ ጆንያውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ «ልክ ሲያልቅ አቁሚው፣ አደራ» አለኝ። አደራ ይለኛል! ጭኔ ላይ የእህቴን ጉርድ ዘርግቼ ጫፉን እየሰፋሁ ነው፣ እስፒል በአፌ ይዣለሁ፤ ደግሞስ የእሱ ማውስ ቢነካ ስንት ወቀሳ አለው? አልነካሁትም። ፕሮግራሙ አለቀ። ባዶ ካሴት ላይ የሚታየው ነጭ ዝናብ መጣ፣ ሹሹሹ ይላል። ይበለው፣ ራሱ መጥቶ ያቁመው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ከዝናቡ መሃል ምስል ዘለል አለ፤ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ መጨረሻው ላይ የደረሰ። ከዚያ ሰማያዊ ጃኬት አየሁ። የራሴን ስፌት የማላውቅ ይመስላችኋል? ኮሌታው ላይ በቀለም የማይመሳሰል ክር የተጠቀምኩበት ነው።

«ክቡራትና ክቡራን ተመልካቾች» አለች እህቴ።

እስፒሉ ከአፌ ወደቀ። ማድ ቤት ውስጥ የውኃው ድምፅ ቆመ።

«የዛሬው ዝግጅታችን በዚሁ ይጠናቀቃል። ነገ ማክሰኞ… ይቅርታ፣ ነገ ረቡዕ…» አለችና ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ገጠም አድርጋ ዋጠችው። ያ ሳቅ! ልጅ ሆነን እናታችን ስትቆጣን እንደዚያ ነበር የምትውጠው።

ይሄኔ ፖዝ ገባ። ቲቪው ላይ ሚስቱን አየ፤ እጁ ደግሞ፣ እሱን ሳያማክር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ማውሱ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ ነው፣ ምን ይደረግ። እህቴ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ መጥታ ኖሮ አንጓውን ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«እንዳትነካው» አለች በሹክሹክታ።

ሦስታችንም ቆመን ሰማናት። መልካም ምሽት እስክትል ድረስ አርባ ሦስት ሰከንድ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ።

ነገሩ ለፖዝ ወዲያው ነው የገባው። ድሮ እንቅልፍ ጥሎት ወይ ስልክ ተደውሎለት ሳይቆርጣት የቀረ ሲሆን ካሴቱን «ብላሽ» ብሎ ይጽፍበትና ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ይቀዳበት ነበር። አዲሱ ፕሮግራም አጭር ሲሆን የብላሹ ጭራ ከበስተኋላው ሳይጠፋ ይቀራል። እሱ ደግሞ ሲገለብጥ በጻፈው ደቂቃ ላይ ቆርጦ፣ ጭራውን ከነካሴቱ ወደ ጆንያ።

«ጆንያው!» አለና በነጠላ ጫማ ተፈተለከ። በሩ ላይ ስደርስ መኪናው ጥጉን ዞሮ ሄዷል፤ እሱ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል። ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። አራተኛው ጆንያ ነበር። ስንቱ ጭራ ነበረው፣ ስንቱ አልነበረውም፣ ማን ያውቃል። እኔ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ «ብዬህ አልነበረም?» የሚለው ጫፉ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን አንጀቴን በላውና ዋጥኩት።

«ሁለት ጊዜ ቆረጥኳት» አለ። ዕድሜውን ሁሉ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰ።

እህቴ ማድ ቤት ገብታ የድስቱን ክዳን መታች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አልተነሳም። እንደገና ሦስቴ መታች፣ አሁን በኃይል። ተነሥቶ ገባ። ከቁም ሳጥኑ አናት የቀሩትን ካሴቶች አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸዋለች፤ አርባ ሁለት ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ፖዝ የማውሱን ነገር ተወ። እያንዳንዱ ካሴት እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ አርባ ደቂቃ ዝናብ ቢሆንም አርባ ደቂቃ ዝናብ ይገለበጣል። ዝናቡን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ኮምፒውተሩ ሞላ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ጨመረበት። «ባዶውን እንኳን አጥፋው» ብለው፣ «ይቆይ» አለኝ። «ይቆይ» የሚል ቃል ከእሱ አፍ! ዴኩ ሁለት ካሴት ሲቀረው ጨርሶ ሞተ፤ ሁለቱ ካሴቶች መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ጆንያ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፍቷል። ከአርባዎቹ በሦስቱ ውስጥ ተገኘች። ከመጀመሪያው ጋር ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ያ ነው ያለው።

ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ሳሎን ጎን ለጎን ተቀምጠው እያዩት ነበር። ማራገቢያው እውነትም አይሰማም። ማክሰኞ ያለችበት ጋ ሲደርስ እሷ ትከሻዋ እስኪናጥ ድረስ ያለ ድምፅ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ ሊያልቅ መሆኑን ያውቃላ። ሲያልቅ ሪሞቱን አንሥቶ እንደገና ሊያስጀምረው ሲል ከእጁ ወሰደችበትና ቲቪውን አጠፋችው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለችው። እኔ በር ላይ ነኝ፣ አልሰማሁም። ፖዝ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ፈገግ አለ።

«ምን አለችህ?» አልኩት። እኔ ካልጠየቅሁ አያድርልኝም።

«‹ተወኝ፣ እቤት ታገኘኛለህ› አለችኝ።»