በአሸዋ ላይ የተተከለው ጎመን

ጥቅል ጎመን በገዛሁ ቁጥር ብቻዬን እንደምስቅ ልጆቼ ያውቃሉ። ከአምና ወዲህ ግን ሳቁ ወደ እንባ ይዞርብኛል። ምክንያቱን አብሮኝ ያውቅ የነበረው አባታቸው ኢድሪስ አርፏል። ለልጆቹ እንደ እሱ አድርጌ ማውራት አልችልበትምና ቀስ እያልኩ ልጻፈው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ አሰብ ውስጥ አራተኛ ክፍል ነበርን። ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበረ ረፋዱ ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። እስክሪብቶ በላብ ከጣት ይንሸራተታል፤ ደብተሩ ክንድ ላይ ይጣበቃል። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ የጨውና የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። መጻሕፍታችን ግን የደጋ ሰው የጻፋቸው ነበሩ። አማርኛው ስለ ጤፍ አጨዳ ያስነብበናል፤ የኅብረተሰብ ትምህርቱ መጽሐፍ ክረምት ዝናብ የሚዘንብበት ወቅት ነው ይለናል። እኛ ክረምትን የምናውቀው አቅም ያለው ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ወደ ደሴ የሚወጣበት ወቅት አድርገን ነው።

ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩን ቲቸር አልማዝ ገና ወጣት ነበሩ። በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ክፍል የጓሮ አትክልት አልምቶ እንዲያሳይ ከበላይ ትዕዛዝ መጣና ለእኛ ጥቅል ጎመን ደረሰን። አሰብ ላይ ጎመን! ከመስኮታችን ሥር ያለውን አሸዋ ቆፍረን መደብ ሠራን። የፍየል በጠጥ ለቅመን ደባለቅን። ከየቤታችን የተረፈ ውሃ በጣሳ እያመጣን አጠጣን። ቡቃያው ብቅ ይልና በሳምንቱ ደርቆ ይቀራል። ደግመን ዘራን፤ ደግሞ ደረቀ።

ከዚያ የትምህርት ኢንስፔክተር ከካድሬ ጋር ሊጎበኘን እንደሚመጣ ተነገረ። ያኔ ሥራ ያልሰመረለት ሰው አልሰመረለትም አይባልም፤ አሻጥር ሠራ ይባላል። ከጎናችን ያለውን ክፍል ያስተምሩ የነበሩት መምህር በዚህች ቃል ተጠርተው ሄደው አልተመለሱም። ብስክሌታቸው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ጎማው በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ቲቸር አልማዝ በዚያ ብስክሌት በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እኛም እናያቸው ነበር።

አባቴ የካሚዮን ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቲቸር ቤታችን ተቀምጠው ዓይናቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። አባቴም፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ጎመኑን ከኮምቦልቻ ጭኜልሽ እመጣለሁ። መትከሉን ግን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሹፌር እንጂ ገበሬ አይደለሁም» አላቸው።

በጉብኝቱ ቀን ማለዳ ጎመኖቹ ከእርጥብ ጆንያ ወጡ። አሸዋውን እየጫርን በመስመር በመስመር ቀበርናቸው፤ እስከ ቅጠላቸው ድረስ አፈር አለበስናቸው። በእውነት የበቀሉ ይመስሉ ነበር። ኢድሪስ፣ ያ የወደብ ሠራተኛ ልጅ፣ አንዱን ገልብጦ አየና «እነዚህ እኮ አንገታቸው ተቆርጧል» አለ።

«አንተ ፈላስፋ፣ ዝም ብለህ ትከል!» አልኩት።

የቲቸር ሐሳብ እንግዶቹ በጠዋቱ ቅዝቃዜ አትክልቱን አይተው እንዲሄዱ ነበር። እነሱ ግን ፀሐይዋ ከረረች በኋላ መጡ፤ መጥተውም «መጀመሪያ ትምህርቱን እንይ» አሉ። ኢንስፔክተሩ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ ሽማግሌ ነበሩ። ካድሬው ወጣት ነው፤ በሩ ላይ ቆመ።

ሒሳብ ተጀመረ። የሒሳቡ ጥያቄ ሳያልቅ መልሱን እንጮሃለን። በመስኮት ስመለከት የጎመኖቹ የዳር ቅጠል ተንጋሎ መሬት ነክቷል። አማርኛ ሲደርስ አጠገቤ የምትቀመጠው ዘሃራ አንቀጹን በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ ማን አባረረሽ?» አሉ ኢንስፔክተሩ። የሳቀ አልነበረም። ውጭ ያሉት ቅጠሎች መሸብሸብ ጀምረዋል። ኅብረተሰብ ላይ ክረምት መቼ እንደሆነ ጠየቁን፤ መጽሐፉ እንዳለው መለስን። ቲቸር አልማዝ ጠመኔውን በጣታቸው መሐል ፈጭተው ጨረሱት።

በመጨረሻ ሳይንስ መጣ። «ዕፅዋት ለማደግ ምን ምን ያስፈልጋቸዋል?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ውሃ!» «አየር!» «የፀሐይ ብርሃን!» «አፈር!»

«ጎበዞች። ሌላስ?»

ከኋላዬ እጅ ሲወጣ ሰማሁ። እጅ ሲወጣ ይሰማል እንዴ? ያን ቀን ተሰማኝ። ኢድሪስ ተነሥቶ ቆመና «ሥር» አለ።

ቲቸር ግድግዳውን ያዙ። ኢንስፔክተሩ ልጁን አዩት፣ በመስኮቱ አሻግረው አዩ፣ ከዚያም «በሉ አትክልታችሁን አሳዩን» አሉ።

ተከትለናቸው ወጣን። ካድሬው ከጣሪያው ጥላ አልወጣም፤ ሲጋራ ሊያቀጣጥል ከነፋሱ ጋር ይታገላል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ጎመን ሲይዙት እንደ ኮፍያ ብድግ አለ። ከታች በቢላዋ የተቆረጠው ነጭ አንገቱ ታየ። ቲቸርን አዩዋቸው፤ እኛን አዩን። ከዚያ ጎመኑን መልሰው አስቀመጡት፤ አሸዋውንም ዙሪያውን በመዳፋቸው ጠቀጠቁለት፤ ልክ እኛ ማለዳ እንዳደረግነው።

«ጓድ፣ እንሂድ!» አሉ ጮክ ብለው። «ጎመኑ ደህና ነው፤ ሙቀቱ ነው ሰው የሚገድለው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለቲቸር፣ «ልጄ፣ ዛሬውኑ ቀቅሉት» አሏቸው።

መኪናቸው ከግቢው እንደወጣ ቲቸር አልማዝ እዚያው ፀሐይ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ኢድሪስን ጠሩት። መገረፉ ነው ብለን ነበር።

«መልሱ ትክክል ነው» አሉት። «ግን ሁለተኛ ሳልጠይቅህ እንዳትመልስ!»

«የጠየቁኝ እኮ እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ አይደሉም።»

ቲቸር ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ።

ከኢድሪስ ጋር ከተጋባን በኋላ በዚህ ነገር ስንከራከር ኖርን። እኔ «ባትናገር ኖሮ ጎመኑን አይነኩትም ነበር፤ ለጥቂት አስበላሃቸው» እላለሁ። እሱ ደግሞ «ሥር እንደሌለው ቀድሜ ባልነግራቸው ደንግጠው ይጮሁ ነበር። ያዳንኳቸው እኔ ነኝ» ይላል። ከአሰብ ተፈናቅለን ስንወጣ እንኳ፣ ካሚዮን ላይ ልጆቹን ታቅፈን፣ ክርክሩን እሱ አነሣው፤ እንዳላለቅስ ብሎ ነው።

ያኔ አንዲት ቃል ሰው ታስወስድ ነበርና ሕፃን ሆነን እንኳ አፋችንን ጠብቀን አደግን። አሁን የምፈራው ሰው የለም። ማታ ማታ ጮክ ብዬ «አይ ኢድሪስ፣ ለጥቂት አስበላሃቸው» እላለሁ። እላለሁና መልሱን እጠብቃለሁ።