የታጠበ ሥጋ

በርገሩን መሥራት የጀመርኩት በፍልሰታ ጾም ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፤ ሙኑኪ በሚባለው የጁባ ሰፈር፣ ከአክስቴ ጋር በተከራየነው ቤት። ጾሙ በማግስቱ ስለሚገባ ከዚያ ምሽት በኋላ አክስቴ ሥጋም ሆነ ቺዝ ለሁለት ሳምንት በአፏ አታዞርም። ዛሬ ካልቀመሰችልኝ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ሒሳብ ስቀበል መቅረቴ ነው።

አክስቴ ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት። እኔን እንደተመረቅኩ አስመጥታ ሒሳብ መቀበያው ላይ አስቀመጠችኝ። ሰው ፊት ማውራት ለሚጨንቀኝ ለእኔ ከዚያ የባሰ ቦታ አልነበረም። የአገራችን ሾፌሮች ገና በር ላይ ሆነው ይጀምሩኛል። "መልሱን ተይው፣ ብቻ አንዴ ቀና በይልን።" ቀና አልልም። ይስቃሉ። ኩሽና ውስጥ ግን ሰው የሚያየው ሳህኑን ነው።

ወደ ኩሽና አስገቢኝ ብዬ ስለምናት፣ "ወጥ የሚሠሩ ሞልተውኛል፤ አንቺ ምን ትሠሪልኛለሽ?" አለችኝ። የውጭ ድርጅት ሠራተኞች እየመጡ የሚጠይቁትንና የለም የምንላቸውን ደብል ቺዝበርገር እሠራለሁ አልኳት። ተማሪ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ እናት በርገር ቤት ስለነበራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እረዳቸው ነበር። "እሺ፣ ቤት ሠርተሽ አቅምሺኝ፤ ከጣፈጠኝ ትገቢያለሽ" አለች።

ሥጋውን ጮማው ሳይወጣ አስፈጭቼ አመጣሁ። ኩሽና አስቀምጬው ከሰል ላያይዝ ወደ ግቢው ወጣሁ። ስመለስ አክስቴ የተፈጨውን ሥጋ በወንፊት ይዛ ውኃ እያፈሰሰችበት ነው።

"አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሳይታጠብ ልታበይኝ ነበር? ከዚያ ሁሉ ዝንብና አቧራ መሀል የመጣውን?"

"ተፈጭቷል እኮ።"

"ለዚህ ነዋ ደጋግሜ የማጥበው።"

ቀይ ውኃ ጮማውን ይዞ ወደ ሳፋው ይወርዳል። በጨርቅ ጨመቅኩት፤ አልያያዝ አለ። እንደምንም ጠፍጥፌ መጥበሻ ላይ አደረግኩት። ስገለብጠው አንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሌላው ጨርሶ ተበተነ። ቺዙን ደረብኩበት፤ ቀልጦ በፍርፋሪው መሀል ጠፋ። አክስቴ በማንኪያ ቆንጥራ ቀመሰች።

"ምሩቋ፣ ምንቸት አብሽ ለመሥራት ነው እንዴ ዳቦውን ያደከምሽው?" አለችና ሌላ ማንኪያ ደገመች። "አልጠላሁትም። ግን ባንኮኒው ይሻልሻል።"

አንቺ ስላጠብሽው ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ትልቅ ሰው ነች፣ ያሳደገችኝ ነች፤ እያልኩ መጥበሻውን እስኪያመኝ ፈተግኩት። ያበገነኝ የሥጋው መበላሸት ብቻ አልነበረም። ያን ያህል ለፍቼ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንኳ መናገር አለመቻሌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜያት ምግብ ቤቱ ገባሁ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ስለማይጾሙ ሥጋ እንደወትሮው መጥቷል። ሙዳውን እንዳለ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ከዚያ ፈጨሁት። ጾመኛ ስለሆንኩ መቅመስ አልችልም፤ ጨዉን በግምት ጨመርኩ። ስገለብጠው አልተበተነም። ቺዙም ያስቀመጥኩት ቦታ ቀለጠ።

አስተናጋጃችን ጋምቤላ በስደተኞች ካምፕ ያደገች ጴንጤ ናት፤ አትጾምም። አክስቴ ስትገባ ልጅቷ ሳህኑን ፊቷ አድርጋ በርገሩን በሁለት እጇ ትገምጣለች።

"ታጥቧል?" አለች አክስቴ።

"ታጥቧል፤ ሳይፈጭ በፊት" አልኳት። ቀና ብዬ ነበር።

"ጨዉስ?" አለቻት አክስቴ አስተናጋጇን።

"ልክ ነው" አለች አስተናጋጇ አፏ ሞልቶ። "እርስዎ እስኪፈስኩ ግን አይተርፍዎትም።"

አክስቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ጥቂት አየችው። "እንግዲህ ጾሙ ይፈታና እናያለን" አለች።

ሌላ ሁለት ሳምንት ባንኮኒው ላይ። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ፣ የሾፌሮቹም ድምፅ ተሰማ። የገንዘብ መሳቢያውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አክስቴ ፊት አስቀመጥኩና ወደ ኩሽና ተመለስኩ።