ጥላ ሰብሳቢው በወንዛዬ

ልጄ ሰሞኑን አኩርፋለች። ያኮረፈችው እኔን አይደለም፤ መጽሐፍ ነው። ጭራቅና ጨለማ ከሞላበት ተከታታይ ልብ ወለድ ሁለቱን ቅጽ ጨርሳ፣ ሦስተኛውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣዋለች። የወደደችው ሰው ሁሉ ይሞትባታል። ልቀጥል ወይስ ልተወው እያለች ጓደኞቿን በስልክ ስታማክር ሰንብታ፣ ምክር ሲያልቅባት ወደ እኔ መጣች። በዚህ ጉዳይ እኔ በአገሪቱ አንደኛ ሊቅ ነኝ፤ ሁለተኛ ስለሌለ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ደብረ ታቦር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቶኝ ሄደ። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ጥላ የሌለው አንድ ጌታ የሰውን ጥላ እየለቀመ ግንቡ ውስጥ ያስራል። ጥላው የተወሰደበት ሰው እየገረጣ፣ እየገረጣ ይሞታል። አንዲት የአንጥረኛ ልጅ የወንድሟን ጥላ ልታስመልስ ትነሣለች። እንግሊዝኛዬ ያኔ አንካሳ ስለነበር ከሦስት ቃል ሁለቱን ከራሴ እየሞላሁ ነው ያነበብኩት። ስሟንም ለአፌ እንዲመቸኝ ብርቄ አልኳት።

በዚያው ዓመት ግንቦት ከጉና ግርጌ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ደምሌ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍም አልዘረጋም አለ። ዝናብ ሊገባ ነው። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ይተያያሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ ያላረሰ ሰው መሬቱን ለሚያርስ ይለቃል ማለት ጀምረዋል። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዤያቸው እንድሄድና ሰባቱን ቀን ሳይጨርሱ እንዳልመልሳቸው አዘዘችኝ። ያለዚያ ክረምቱን የሚያርስ የለም።

በጭነት መኪና፣ በበሶና በዳቦ ቆሎ መካከል ተቀምጠን ቁልቁል ወረድን። ከጉና ብርድ የወጣ ሰው ሐሙሲት ሲደርስ ቡልኮው ድንጋይ ይሆንበታል። ከዚያ በኪራይ በቅሎ ወንዛዬ ገባን። የውሃውን ሙቀት እንዴት ልንገራችሁ? እንቁላል ብትጥሉበት ጫጩቱ ተፈልፍሎ፣ ተቀቅሎ ይወጣል። አጎቴ አውራ ጣታቸውን ነክረው መለሱና "ድንች መሰልኩህ?" አሉኝ።

ያኔ ነው ብርቄ ትዝ ያለችኝ። ወሬውን ጀመርኩላቸው። ጥላ ሰብሳቢው የመጀመሪያውን መንደር ሲወርር አጎቴ እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ ወንድሟ ሲገረጣ እስከ አንገታቸው። ሊወጡ ብድግ ሲሉ ዝም እላለሁ፤ ሲቀመጡ እቀጥላለሁ። በማግስቱ ታጣቢው ሁሉ ከበበን። ከቅጠል አጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶችም ጫጫታቸውን አቆሙ። ፊታቸውን አይቼ የማላውቅ፣ ከይፋግ የመጡ በርበሬ ነጋዴ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ "ድምፅህን ከፍ አርገው የኔ ልጅ፤ ወዲህ የሚደርሰው ግማሹ ነው" አሉ።

በአራተኛው ቀን መጽሐፉ አለቀ። አጨራረሱ ግን አጨራረስ አይደለም። ብርቄ ግንቡ በር ላይ ስትደርስ ጌታው የእሷንም ጥላ ይነጥቃታል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከሥሩ ‘ይቀጥላል’ ተብሎ ተጽፏል። የሚቀጥለው ደግሞ ህንድ ነው፤ እዚያም ካለ። እውነቱን ነገርኳቸው።

አጎቴ ከውሃው ወጡ። ጉልበታቸው ገና ትንሽ ትንሽ መታጠፍ መጀመሩ ነበር።

"ክፉው ለሚያሸንፍበት ነገር ነው ስቀቀል የሰነበትኩት? ነገ በጠዋት በቅሎዋን ጫን።"

እትዬ ጥሩወርቅም ከአጥሩ ወዲያ ይብቃን አሉ፤ ከትናንት ጀምሮ ጥላቸው እየተከተላቸው መሆኑን ለማየት ዞር ዞር እያሉ ነው አሉ የሚሄዱት። ሌሎቹ ይቀጥል አሉ። አንዱ ሽማግሌ ብርቄን በር ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብለው ተቆጡ። እኔ በዓይኔ የማየው የአጎቴን ማሳ ነው። ከራሴ አምጥቼ ልቀጥል ቆረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉንም ላስደስት ብዬ፣ መልአክ ከሰማይ አወረድኩ። ግንቡን በአንድ ክንፍ አፈረሰ፣ ጌታውን በሌላው ጠረገ፣ ብርቄ ተዳረች።

"በቃ? ያን ሁሉ አስፈራርተኸን?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

አጎቴ ልብሳቸውን ፍለጋ ተነሡ፤ ውሸቴን እንኳ አላሳመርኩትም አሉ። ያን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ያወረድኩትን ሰው በአንድ ገመድ ጎትቼ ላወጣው አለመቻሌ ገባኝ። ሌላ መንገድ ስላጣሁ፣

"ይሄ እንግዲህ የብርቄ ሕልም ነው" አልኩ። "ስትነቃ እዚያው በር ላይ ናት።"

ሳቁ። አጎቴም እያጉረመረሙ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አልራራሁም። ብርቄን ከበሩ ወደ ምድር ቤቱ፣ ከምድር ቤቱ ወደ ባሰው አወረድኳት። ወንድሟን አገኘችው፤ አላወቃትም። እትዬ ጥሩወርቅ አለቀሱ፤ ግን አልሄዱም። በመጨረሻው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ፍጻሜው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መሬቱን አየሁ። የቆሙት ሰዎች ጥላ ጠፍቶ ከእግራቸው ሥር ገብቷል።

ጌታው ሰው የሚይዘው በጥላው ነው፣ አልኩ። ብርቄ ግን ጥላ የላትም። ታዲያ ምኗን ይዞ ያስቀራታል? ጠባቂዎቹ እጃቸውን ሲዘረጉ እንደ ጭስ አለፈቻቸው። ግንቡ ጣሪያ ላይ ወጥታ የጣሪያውን መስኮት ከፈተችው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ገባ። የታሰሩት ጥላዎች ሁሉ ተጠቅልለው ወደየባለቤታቸው እግር ሮጡ። ወንድሟ ግን እንደተንበረከከ ቀረ። መቆም ረስቶ ነበር። ብርቄ እጁን ይዛ ትለምነዋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

"ተነሥ እንጂ፣ አንተ ልጅ፣" አሉ አጎቴ። "ተነሥና ውጣ።"

ይህን ሲሉ ራሳቸው ቆመዋል። ማንም አልደገፋቸውም። ግልድማቸውን አገልድመው፣ ሁለቱም ጉልበቶች እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ወደማይታየው ልጅ ዘርግተው። እሳቸው ሳያዩት እኛ ሁላችን ጉልበታቸውን አየን።

"ምነው ዝም አላችሁ? ተነሣ ወይስ አልተነሣም?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"ሁለቱም ተነሥተዋል" አልኳቸው።

ከሴቶቹ በኩል የወጣው እልልታ ጣና ማዶ ዘጌ ድረስ ተሰምቷል፤ የምትጠራጠሩ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስንመለስ በቅሎዋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ድምፄ ተዘግቶ በሽተኛው እኔ ሆኜ። አጎቴ ከፊት በእግራቸው እየመሩ ሄዱ። በሰኔ የጉናው ዝናብ ሲጥል ማሳቸውን ራሳቸው አረሱት፤ ሊቀመንበሩም በመንገድ ሲያልፉ በርቱ ብለዋቸው አለፉ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስተርክላት የአጎቴ ልጅ ስንዱ አጠገባችን ድንች ትልጣለች፤ ሰሞኑን ለሕክምና መጥታ እኛ ዘንድ ናት። ብርቄን ያኔ በሩ ላይ ትቻት ብመለስ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ትሆን እንደነበር፣ ገጹን ካልገለጠላት በቀር ማንም እንደማያወጣት ለልጄ እየነገርኳት ሳለ ስንዱ ቀና አለች።

"ግን እኮ ያ መጨረሻው አይደለም" አለችኝ። አባቷ በሬ በፈቱ ቁጥር፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሲቀጥሉት ኖረዋል። ጥላ ሰብሳቢው ለካ እህት ነበረችው።

እህት እንዳለችው እኔ በሕይወቴ አልሰማሁም። ልጄ ስልኳን አስቀመጠች። ስንዱ የያዘችውን ድንች ልጣ ሌላ አነሣችና አባቷ ካቆሙበት ቀጠለች፤ እኔም ወንበሬን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ።