በየሺ ማኅፀን ላይ የተሰጠ ድምፅ

በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ የቀበሌያችን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ስንት ጉድ ጽፌያለሁ፤ የዚያን እሑዱን የመሰለ ግን አልገጠመኝም።

ጎረቤቴ አያ ዓለሙ አንድ ደብዳቤ ይዞ ስብሰባው መሀል ቆመ። ሚስቱ የሺ አዲስ አበባ ለሕክምና ከሄደች ቆይታለች። ተቀብዬ አነበብኩት። የማኅፀን በር ካንሰሩ ስለ ተስፋፋ ማኅፀኗና በዙሪያው ያለው ሁሉ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ ባሏ ፈቃዱን ቶሎ ይላክ ይላል።

«በዚህ ዘመን ብቻዬን ወስኜ ነገ ማን ይጠየቅልኛል?» አለ አያ ዓለሙ። «ሰፊው ሕዝብ ይወስንልኝ።»

ሊቀመንበሩ አጀንዳ አድርጎ ያዘው። አንዱ «ማኅፀን ከወጣ የአብዮቱን ወታደር ማን ይወልዳል?» አለ። ሌላው ለማስታረቅ ብሎ «ግማሹ ይውጣ፣ ግማሹ ይቅር» አለ።

«ኧረ ሴትዮዋ ሃምሳ አልፏታል! ደግሞስ ካልወጣ ትሞታለች!» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

«ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም!» ተባልኩ።

«እንዳይወጣ የምትሉ!» ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። አያ ዓለሙም ግራ ቀኙን አየና አነሣ። ሊቀመንበሩ መቁጠር ጀመረ።

ይኼኔ ከበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ። የሺ ናት። ከስታ፣ በዱላ ተደግፋ ቆማለች። ከአውቶቡስ ወርዳ ቤቷ ተዘግቶ ስታገኘው ነው የመጣችው።

«ፈቃዱ ቢጠፋ በገዛ አውራ ጣቴ ፈርሜ ካስወጣሁት ወር አለፈኝ» አለች። «አሁን መልሶ የሚከትልኝ ማነው? እሱ እጁን ያንሣ!»

የአዳራሹ እጅ ባንዴ ወረደ። ደንግጦ ማውረዱን የረሳው አያ ዓለሙ ብቻ ነበር።

እኔም ጸሐፊ አይደለሁ፤ «አንድ ድምፅ» ብዬ መዘገብኩ።